«ታካሚዋ ደህና መሆኗን ገልጻለች»

ለሸለቆ በር አጠቃላይ ሆስፒታል ዋና ሥራ አስኪያጅ
አዳማ

የተከበሩ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ቢሮዎ ደጃፍ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ቁጭ ብዬ በደንብ ለተዋወቅኋቸው ጸሐፊዎ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስልኝ። ጤናዎ፣ እንቅልፍዎ፣ የምግብ ፍላጎትዎ እንደምን ነው? የምጠይቀው ለወግ ያህል ስለሆነ አይስጉ፤ የሚሰጡኝን መልስ ተቀብዬ ፋይልዎ ላይ አልጽፈውም። አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ግራ ጎንዎንና ቀኝ ጎንዎንም እኩል ያቆይልዎ።

እኔ መሐመድዘይን እባላለሁ። እዚሁ አዳማ አርባ ዓመት ያህል የመኪና ኤሌክትሪክ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። ትምህርት ቤት የሄድኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያስተማሩኝ የተቃጠሉ ፊውዞች፣ የመኪና መመሪያዎችና በመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ታጥፈው የሚመጡት ረጃጅም ወረቀቶች ናቸው። የእህቴ ልጆች «አጎታችን ያልተጠየቀውን ሁሉ ያውቃል» እያሉ ያሙኛል። ሐሜቱ እውነት ስለሆነ አልተቀየምኩም።

የምጽፍልዎ ስለ ታናሽ እህቴ ስለ ዘሃራ ነው። ዘሃራ መናኸሪያው አካባቢ የመጋረጃ ጨርቅ የምትሸጥ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሴት ናት። ከሻሸመኔና ከአርሲ ነገሌ ለሱቃቸው ዕቃ ሊወስዱ የሚመጡ ነጋዴዎች ጨርቅ ከመምረጣቸው በፊት ቁጭ ብለው ወሬዋን ያዳምጣሉ። እኔም ስድሳ ስምንት ዓመት ስኖር ከእሷ ጋር ተከራክሬ ያሸነፍኩበትን ቀን አላስታውስም። ባለፈው ጥር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሆስፒታልዎ የገባችው ይህቺ ሴት ናት። ከስድስት ቀን በኋላ ስትወጣ ይዛ የወጣችው ሰላምታ ብቻ ነው። ደብዳቤዬ ስለ ቀሩት ቃላት ነው።

ወደ አቤቱታዬ ከመግባቴ በፊት ግን ላመሰግንዎ ይገባል። ሆስፒታልዎ ካለፈው ዓመት ጀምሮ በየግድግዳው ላይ «ሁሉንም ታካሚ በሰላምታ እንቀበላለን» የሚል ጽሑፍ ሰቅሏል፤ እንደ ሌላው ጽሑፍ ተሰቅሎ የቀረም አይደለም፣ በእውነት ይሠራበታል። በግድግዳ የተጻፈ ነገር ሲፈጸም ሳይ በሕይወቴ ይህ ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያው አንድ ጎረቤቴ በሩ ላይ የጻፈው «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚለው ነበር።

አንደኛ፤ ስለ በሩ። የዚያን ቀን አራት ሰዓት ላይ የጥበቃ ሠራተኛዎ ባጃጃችንን አስቁመው፣ ኮፍያቸውን ከፍ አድርገው፣ አንገታቸውን ወደ ውስጥ አስግገው «እናቴ፣ እንደምን አደሩ?» አሏት። ዘሃራም «አልሐምዱሊላህ» አለች። ልጇ ዋፊቃ የሚገፋ አልጋ እንዲመጣላት ስትለምን ሰውዬው በታላቅ ርኅራኄ «ደህና ነኝ እያሉ እኮ ነው የኔ ልጅ፣ ምን ያሟርትሻል?» ብለው ገሠጿት። አልጋው የሚወጣው መናገር ላቃተው ሰው መሆኑንም አስረዱን። ስለዚህ እህቴ የቀኝ እግሯን እንደ ጆንያ እየጎተተች፣ በእኔና በልጇ ትከሻ ላይ ተንጠልጥላ ገባች። የሰውዬውን ጨዋነት ሳልመሰክር ባልፍ ይቆጨኛል፤ በሩን ሁለቱንም መዝጊያ ከፍተውልናል።

ሁለተኛ፤ ስለ ጠረጴዛው። በድንገተኛ ክፍልዎ መግቢያ ላይ ታካሚዎች እንደ ሕመማቸው ክብደት ቀይ፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ወረቀት የሚሰጣቸው ጠረጴዛ አለ። እዚያ የነበረችው ነርስ ብሩህ ፊት ያላት፣ ወላጆቿ የሚኮሩባት ልጅ ናት። «እንዴት ነዎት እናቴ?» አለች። «አልሐምዱሊላህ።» «በጣም ያምዎታል?» «አልሐምዱሊላህ።» «ቤተሰብ፣ ልጆች፣ ሁሉ ሰላም?» «አልሐምዱሊላህ።» ዋፊቃ አላስችል ብሏት «ኧረ አፏን እዪው፣ ወደ ጎን ሄዶ የለም እንዴ!» ብትላት «አይዞሽ እህቴ፣ ብርድ መትቷቸው ይሆናል» ብላ አጽናናቻት። ከዚያም ጻፈች። እኔ ከጠረጴዛው ማዶ ሆኜ በግልባጩ አነበብኩት፦ «ታካሚዋ ደህና መሆኗን በራሷ አንደበት ገልጻለች።» ወረቀቱም አረንጓዴ ሆነ።

የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ ሆይ፣ እርስዎም የዚሁ አገር ሰው ነዎትና ይህን ላስረዳዎ መሞከሬ ድፍረት ነው፤ ቢሆንም አባታችን ነፍሱ ልትወጣ ስትል እንኳ እንዴት ነህ ያለውን ሁሉ «አልሐምዱሊላህ» እያለ ነው የሸኘው። ከዘሃራ ሱቅ ፊት ለፊት ልብስ የሚሰፋው አምባዬም እግሩ የተሰበረ ቀን አጥንቱ እየታየ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በዚህ ከተማ እንዴት ነህ ተብሎ «አሞኛል» የሚል ሰው ከተገኘ ቀይ ወረቀት የሚገባው ለእሱ ነው። በእኔ ሙያ ደግሞ ቋሚ ሕግ አለ፤ ክላክሱ ስለጮኸ ሞተሩ ደህና ነው አይባልም። ክላክስ የራሱ ሽቦ አለው። ሞተሩ ነድዶ ያለቀ መኪና ባትሪው እስካለ ድረስ እንደ ሙሽራ መኪና ሲጮህ ይውላል።

ሦስተኛ፤ በዚህ ቁጥር ሥር ተከሳሾቹ እኛ ነን። ዘሃራ ጨርቅ ስትለካ ሜትሩ ከቀኝ እጇ የወደቀው ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው፤ ሊያነሣው የሞከረው እጇም አልታዘዝ አላት። ከሱቋ እስከ እርስዎ በር ድረስ ባጃጅ በአሥር ደቂቃ ይደርሳል፤ እኛ የደረስነው አራት ሰዓት ላይ ነው። የቀረውን ሠላሳ አምስት ደቂቃ የበላነው እኛው ነን። አምባዬ «ይሄ ምች ነው!» ብሎ ዳማከሴ ፍለጋ በረረ። አንዷ ጎረቤት ስኳሯ ወርዶ ነው ብላ ለስላሳ ከፈተች። እኔ፣ የመድኃኒት ወረቀት አንባቢው፣ ተጠርቼ ስደርስ ያዘዝኩት ውሃ ነው። ውሃው በአፏ ጥግ ፈስሶ ሲያስላት ዋፊቃ ብርጭቆውን ከእጄ ነጥቃ «አጎቴ፣ ልታንቃት ነው እንዴ!» ብላ ጮኸችብኝ። ልጅቷ ልክ ነበረች። በኋላ እንደተማርኩት በስትሮክ ጊዜ ጉሮሮም ሊሰንፍ ይችላል፤ መዋጥ መቻሉ ሳይረጋገጥ የሚሰጥ ውሃ፣ ምግብም ሆነ እንክብል ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ዘሃራ የግፊት መድኃኒቷን «ደህና ነኝ» ብላ ካቆመች ሁለት ወር አልፏት እንደነበረም ያወቅነው በኋላ ነው፤ ደህና ነኝ ማለት በቤታችን የቆየ በሽታ ነው። እንግዲህ ሆስፒታልዎ እህቴን በሰላምታ ከማቆየቱ በፊት እኔ በውሃ ልጨርሳት ነበር። የእርስዎና የእኔ ልዩነት የእኔ ሙያ የመኪና ኤሌክትሪክ መሆኑ ብቻ ነው።

አራተኛ፤ ስለ አረንጓዴው ወንበር። ሁለት ሰዓት ተኩል ተቀምጠንበታል፤ ንጹሕ ነው፣ ይመቻል። ከጎናችን የተቀመጠው ለመንጃ ፈቃድ የጤና ማስረጃ ሊያወጣ ከአቦምሳ የመጣ፣ በሬ ጥሎ የሚይዝ የሚመስል ጎረምሳ ነበር። እሱ ከእኛ ቀድሞ ተጠራ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ምርመራውን አየሁት። ሁለት እጆችህን ወደ ፊት ዘርግተህ ዓይንህን ጨፍን ተባለ። በአንድ እግርህ ቁም ተባለ። ይህን ጨብጥ፣ ያንን አንብብ፣ ወዲህ ተመልከት ተባለ። እህቴን በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚያጋልጣት ምርመራ ሁሉ ከእሷ ሦስት ሜትር ርቀት ላይ፣ ምንም ላልሆነ ሰው፣ አንድም ሳይቀር ተደረገ። በዚያ መሐል በፊታችን ያለፈ የሆስፒታልዎ ሠራተኛ ሁሉ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ እንኳ ሳትቀር፣ ሰላምታ ሰጥቷታል፤ እሷም ሁሉንም መልሳለች። እኔ ሦስት ጊዜ ተነሥቼ ጠረጴዛው ላይ ጮኼአለሁ። ሦስቱንም ጊዜ «እንዴት ነዎት አባባ፣ ይረጋጉ» ተብዬ፣ ተከብሬ ተመልሻለሁ።

እዚህ ላይ ቁጥሬን ላቋርጥና ቀልድ የሌለበት ምስጋና ልጻፍ። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ጋዲሳ የሚባል ተለማማጅ ሐኪም ለሻይ ሲወጣ ከፊታችን ቆመና እንደ ደንቡ «አካም ጂርቱ?» አላት። ዘሃራ በኦሮምኛም «ፈያ፣ ገለተ ረቢ» አለች። እኔ ያን ጊዜ ተስፋ ቆረጥኩ፤ በሁለት ቋንቋ ደህና ነኝ ያለችን ሴት ማን ያክማታል? ልጁ ግን መልሷን ትቶ አፏን ነበር የሚያየው። ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣና «ይሄ ምንድን ነው እናቴ?» አላት። «አልሐምዱሊላህ።» የእጅ ሰዓቱን አሳያት። «አልሐምዱሊላህ» አለች፣ ዓይኗ ግን እንባ አቀረረ፤ ስሙን ታውቀዋለች፣ ወደ አፏ አልመጣ አላት። ሁለት እጆችዎን ያንሱ ቢላት አንዱ ብቻ ወጣ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ከጠዋት ጀምሮ ማንም ያልጠየቀንን ጠየቀ፦ «ለመጨረሻ ጊዜ ጤነኛ ሆና የታየችው ስንት ሰዓት ላይ ነው?» ነገርኩት። ሻዩን ረስቶ ሮጠ። በሆስፒታልዎ ውስጥ ሰው ሲሮጥ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በኋላ እንዳስረዳኝ፣ የአንጎል የንግግር ክፍል ሲጎዳ ሰው የነገሮችን ስም ያጣል፤ ዕድሜ ልኩን ሲደጋግመው የኖረው ሰላምታና ጸሎት ግን ሊተርፍለት ይችላል። እንዲህ ያለ በሽተኛ ሰላም ብለውት አጥርቶ ቢመልስ አያስገርምም። ለካስ እህቴ ቀኑን ሙሉ ስትናገር የዋለችው በተረፈላት ሽቦ ኖሯል!

አምስተኛ፤ ስለ ሰዓቱ። ሰባት ሰዓት ላይ ሲቲ ስካን ተነሣች፤ ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ ውጤቱ መጣ። ደም አልፈሰሰም፣ አንዱን የአንጎል ሥር የረጋ ደም ዘግቶታል። ይህን ሁለቱን በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም፤ ለአንዱ ፈውስ የሆነው መድኃኒት ሌላውን ይገድላል። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ደግሞ ሕመሙ ከጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ መሰጠት አለበት። እርስዎ ዘንድ አልነበረም። ጋዲሳ መድኃኒቱ ወዳለበት የአዲስ አበባ ሆስፒታል ደወለ፤ እዚያ ያሉትም በመጀመሪያ የጠየቁት ሰዓቱን ነው። ሃያ አምስት ደቂቃ ቀርቶን ነበር። በፈጣን መንገዱ ላይ እንኳ ከአዳማ አዲስ አበባ በሃያ አምስት ደቂቃ የሚደርስ አምቡላንስ ሰምቼ አላውቅም፤ መኪና በሚመለከት ደግሞ እኔ ያልሰማሁት የለም። ልክ አራት ሰዓት ላይ እጅሽን አንሺ ብትባል ኖሮ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ እዚያ ነበረች። መድኃኒቱ ዋስትና አይደለም፣ ጋዲሳም አልደበቀኝም፤ ዕድል ነው። እህቴ ያጣችው ያንን ዕድል ነው፤ ያጣችውም በትሕትና ነው።

ከዚያ በኋላ ስለተደረገላት ክብካቤ አፌን ሞልቼ አመሰግናለሁ። መዋጥ መቻሏን በማንኪያ እየሞከሩ ካረጋገጡ በኋላ አስፕሪን ጀመሩላት። ግፊቷ ከፍ ብሎ ሳለ «አሁኑኑ አውርዱት!» ብዬ ስጮህ፣ ድንገት ከወረደ ለተራበው አንጎል የሚደርሰው ደም እንደሚያንስ አስረድተው አስቀመጡኝ። እንዳትቆስል ቀንም ሌሊትም አገላበጧት። እነዚያ ነርሶች በስድስቱ ቀን ውስጥ ደህና ነሽ ወይ ሲሏት አልሰማሁም፤ ጨብጪ፣ ልቀቂ፣ ግፊ ነው የሚሏት።

ስድስተኛና የመጨረሻው፤ ስለ መውጫው። ስትወጣ አንድ ትሑት ወጣት ቅጽ ይዞ መጥቶ «በአገልግሎታችን ምን ያህል ረክተዋል?» አላት። ምን ብላ እንደመለሰች አልነግርዎትም፤ ያውቁታል። ወጣቱም ከአምስቱ ሣጥኖች መካከል «እጅግ በጣም ረክቻለሁ» በሚለው ላይ ምልክት አደረገ። ልከራከረው አፌን ስከፍት «ቅጹ የሚሞላው በታካሚው ቃል ነው አባባ» አለኝ።

ልመናዬ እንግዲህ አንድ ነው። ሰላምታውን አይተዉት፤ ደስ ይላል። ከሰላምታው በኋላ ግን በሩም ጠረጴዛውም አራት ነገር ይጨምሩልን፦ ይሳቁልኝ፣ ሁለት እጆችዎን ያንሱልኝ፣ ይሄ ምንድን ነው፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው። ጠቅላላው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ከባድ ነው እንዳይሉኝ፣ እኔ በመናኸሪያው ባጃጅ ተራ ላይ ለአሥራ አራት ሹፌሮች አስተምሬዋለሁ። ልምምድ ላይ ሳለን አሥራ አራት ሹፌር በአንድነት እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ሲስቅ ያየ ፖሊስ ዝርፊያ ነው ብሎ ሮጦ መጥቶ ነበር፤ አሁን እሱም ያውቃል። አምባዬም ዳማከሴውን ትቶ ሰዓት ማየት ለምዷል። የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት።

ስለ ዘሃራ የሚጨነቁ ከሆነ፣ እንደሚጨነቁም አልጠራጠርም፣ አራት ወር ሆኗታል። በከዘራ ትሄዳለች፣ እጇ ኩባያ ይይዛል። ዋፊቃ በየቀኑ አንድ አንድ ዕቃ እያሳየች ስሙን ታስጠናታለች። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ነገር አልሐምዱሊላህ ነበር፤ ቁልፉም፣ ድመቷም፣ እኔም። ባለፈው ወር ግን ሱቁን ልጠብቅላት ተቀምጬ ሳለ ከአርሲ ነገሌ አንዲት ደንበኛ መጣችና መጋረጃ ቁረጥልኝ አለችኝ። መቀሱን አነሣሁ። ዘሃራ ከወንበሯ ሆና ታየኛለች። ግማሹ ላይ ስደርስ ከበስተኋላዬ «ጠመመ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር አልኩ። «ጠመመ፣ ጠመመ!» እያለች በግራ እጇ ወደ መቀሱ ታሳያለች። እውነትም ጠሞ ነበር። ዋፊቃ አልቅሳ አላባራ አለች፤ ደንበኛዋ ግራ ገባት። እኔ በስድሳ ስምንት ዓመቴ ስወቀስ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ጨርቁንም ሆን ብዬ እስከ ጫፉ አጣምሜ ቆረጥኩት፣ ሌላ ቃል ይጨመር እንደሆነ ብዬ። ተጨመረ። እዚህ የማይጻፍ ነው።

ይህን ረጅም ደብዳቤ ለማንበብ የሚያጠፉት ጊዜ አንድ ሰው አረንጓዴ ወንበር ላይ ከሚቀመጥበት እንደሚያንስ በማስላት ራሴን አጽናናለሁ። ትሕትናዎን የማደንቅ፣ ግድግዳዎን ያነበብኩ፣ ወንበርዎን ያሞቅሁ፣ ጤናዎንም ከሁለቱም ጎን የምመኝ፣ የሁልጊዜ አክባሪዎ፣

መሐመድዘይን
የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ የዘሃራ ወንድም፣ የዋፊቃ አጎት
አዳማ፣ ግንቦት

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ጨርሼ ልልከው ስል ከሕዝብ ግንኙነት ክፍልዎ ስልክ ተደወለልን። እህቴ የዓመቱ እጅግ የረካች ታካሚ ሆና ስለተመረጠች፣ በሆስፒታሉ የምሥረታ በዓል ላይ፣ እርስዎና ከፍተኛ እንግዶች በተገኙበት አጭር ንግግር እንድታደርግ ተጋብዛለች። በደስታ ተቀብላለች። ዋፊቃ በደብተር እንደያዘችው እስከ ትናንት ድረስ መልሳ ያገኘቻቸው ቃላት ሃያ ሦስት ናቸው፤ ከእነሱ ውስጥ በእንግዳ ፊት ሊነገሩ የሚችሉት ስድስቱ ብቻ ናቸው። ለእርስዎ ክብር ስንል ስድስቱን ብቻ እንድትጠቀም ተንበርክከን ለመንናት። «እምቢ» አለች። ሃያ አራተኛው መሆኑ ነው።